ሃያ ሦስት ቀን ያለ ብር

በመደርደሪያው ላይ አሥራ ዘጠኝ ጠርሙስ ነበር። ሁሉም ቡናማ የቢራ ጠርሙስ፣ ሁሉም በቡሽ የተወተፈ፣ ሁሉም አንገቱ ላይ በተለጠፈ ነጭ ፕላስተር ቀንና ቁጥር የተጻፈበት። የተደረደሩት ከግራ ወደ ቀኝ በቀናቸው ቅደም ተከተል ነው። ማህደር አባቷ በተቀበረ ማግስት፣ ነሐሴ 29 ጠዋት ወደ ትንሿ ክፍል ገብታ ቆጥራቸዋለች። ለምን እንደቆጠረች ራሷም አታውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው የተደረደረ ዕቃ ካየ ይቆጥራል። ከጠርሙሶቹ ጎን የአባቷ ደብተር ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ የእጅ ጽሕፈቱን ስታይ ዓይኗ ሞላና መልሳ ከደነችው።

በሰልስቱ ጠዋት ስትመለስ ጠርሙሶቹ አሥራ ስምንት ሆነዋል። ከግራ ሰባተኛው ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ብቻ ቀርቷል።

"እዚህ ማን ነው የገባው?" አለች ወደ ድንኳኑ ወጥታ።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኃይለመስቀል ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ምን ጠፋ ልጄ?"

"የአባዬ ጠርሙስ።"

"አይ ተክለወልድ! ዕድሜውን ሙሉ ቢራ ሳይቀምስ ይሄን ሁሉ የቢራ ጠርሙስ ትቶ መሄዱ ሳያንስ፣ ሌባ ደግሞ መጣበት?"

ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለና ወዲያው አንገቱን ደፋ። ከጥግ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ፋናዬ ግን አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ከቀብሩ ጀምሮ እህል ባፏ አልዞረም። ንፍሮ ሲያቀርቡላት እፍኝ ታነሳለች፤ ሰው ዞር ሲል መልሳ ሰሃኑ ላይ ታፈሰዋለች። ማህደር ይህንንም ቆጥራዋለች። ስድስት ጊዜ።

የሰፈሩ ሰው ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለውን "የመምህር ውሃ" ይለው ነበር። አባቷ በዚህ ስም ይቆጣ ነበር። "የብር ውሃ በሉት! ያለበት ብር ነው፤ መምህር አይደለም የተዘፈዘፈበት።" ጢቾ፣ ሁሩታ፣ በመጨረሻም አሰላ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እጁ ሥራ ፈታ፤ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ስለ ብር ውሃ አነበበና ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም አያገኘውም።

አሠራሩን ማህደር ብዙ ጊዜ አይታዋለች። የፋናዬ እናት ለልጃቸው ያወረሷቸው ሁለት ጠገራ ብሮች ነበሩ፤ ፋናዬ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታስራቸው ነበር። እነሱን ለምኖ ወሰደና በሽቦ አንጠለጠላቸው። ጎሚስታው ሙራድ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ በብርጭቆ ሞልቶ ሁለቱን ጠገራዎች ሳይነካኩ ይነክራቸዋል። ሦስት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ያገናኝና ሰዓቱን ያያል። ጥቂት ቆይቶ ከአንደኛው ጠገራ እንደ ጭስ የቀጠነ ነገር ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ መጋረጃውን ዘግቶ በብርጭቆው ውስጥ ቀይ የሌዘር መብራት ያሳልፋል፤ በንጹህ ውሃ ውስጥ የማይታየው ጨረር እዚህ እንደ ክር ተወጥሮ ይታያል። ቀጥሎ ብዕር የሚያህለውን መለኪያ ይነክራል። አብዛኛውን ጊዜ 11 ይላል። 11 ብሎ ፕላስተሩ ላይ ይጽፋል።

"ጠገራ ንጹህ ብር አይደለም እኮ፤ መዳብ አለበት" ብላው ነበር አንድ ጊዜ።

"ዐውቃለሁ። ጽፌዋለሁ" አላት። ሁሉንም ይጽፍ ነበር። እሷን የሚያበሽቃት ይኸው ነው፤ ዝም ብሎ የሚያምን ሰው ቢሆን በተጣላችውና በተገላገለች።

በሰኔ መጨረሻ ጫማው ግራ እግሩን ላጠው። ስኳር አለበት። ቁስሉን በብር ውሃው ያጥብና ከዚያው ጠርሙስ ይጠጣ ጀመር። ሆስፒታል ሂድ ሲሉት ከደብተሩ ቀና አይልም። ማህደር ከምትሠራበት ከበቆጂ ሐምሌ 26 ቀን የመጣችው በማስረጃ ልትረታው ነበር። ከውሃው ወስዳ በላቦራቶሪዋ ፈትናዋለች፤ ተሕዋስያን በተዘራበት ሳህን ላይ በውሃው የራሰ ክብ ወረቀት አስቀምጣ አሳድራ፣ ፎቶ አንስታ።

"እየው፣ አባዬ። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። አንዲት ሚሊሜትር አልሸሸም።"

ስልኩን ከዓይኑ አራቀና አየ። "የዘራሽበት ምግብ ጨው አለው?"

"አለው።"

"ብር ከጨው ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል?"

እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗን ወደ ደብተሩ ሰደደች።

"ነጭ ደመና ይሠራና ይዘቅጣል። እኔ ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር በጥቁር ጨርቅ ላይ የማደርገው ፈተና እሱ ነው። መለኪያው የሟሟውን ሁሉ ይቆጥራል እንጂ ስሙን አይጠይቅም፤ ስሙን የሚጠይቀው ጨው ነው። ስለዚህ አንቺ የፈተንሽው የኔን ውሃ አይደለም፤ የራስሽን ጨው ነው።"

"እሺ፤ ሰውነትህስ ጨው የለውም?"

አባቷ ብዕሩን አነሳ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ጻፈው።

የዚያን ጊዜ ደሟ ፈላ። "ቁስልህን በየቀኑ በማስመሪያ ትለካለህ። ከምን ጋር ልታወዳድረው? ማነጻጸሪያህ የታለ? ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?"

መነጽሩን አወለቀ። በሩ ላይ ፋናዬ የሻይ ሰርቪስ ይዛ ቆማ ነበር።

"ትክክል ነሽ" አለ።

ማህደር የረታችው መሰላት። በማግስቱ ወደ በቆጂ ተመለሰች። ሳህኑንም ጨው በሌለው ምግብ እደግመዋለሁ ብላ ነበር፤ ሥራ በዛ፤ አልደገመችውም።

የጠፋውን ጠርሙስ ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩሰው ከድንኳኑ ሲወጡ ያነክሳሉ፤ ነጠላቸው ደግሞ ከወገባቸው በላይ አለቅጥ አብጧል። በአጥሩ ጥግ ደረሰችባቸው።

"እትዬ ጥሩሰው፣ ጠርሙሱን ይመልሱልኝ።"

"ሰረቅሽኝ በይኛ! በይ ጩሂና እድሩን ጥሪው።"

"ሰረቁ አላልኩም። እግርዎ ምን ሆኖ ነው?"

"ፍል ውሃ ፈሶብኝ ነው፤ ወር ሆነው። ጋሼ በሕይወት ቢኖር በገዛ እጁ ይሰጠኝ ነበር።"

"እርስዎም እኮ ስኳር አለብዎት። ሆስፒታል ይሂዱ።"

ጥሩሰው ከላይ እስከ ታች አዩአት። "አባትሽ ሆስፒታል ገብቶ አይደል የሞተው? ቤቱ እያለ፣ ይችን ውሃ እየጠጣ ስንት ቀን ቆየ? አንድ ሌሊት እዚያ አደረ፣ አለቀ። እናንተ የተማራችሁት ቆጠራ ትወዳላችሁ አሉ፤ በይ ቁጠሪው።"

አባቷ ነሐሴ 27 ሆስፒታል ሲደርስ ትኩሳቱ አርባ አልፎ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ነበር። ይህን በሰው አጥር ጥግ፣ በዝናብ፣ በገዛ ለቅሶው ላይ እንዴት ታወራዋለች? ጥሩሰው እያነከሱ ሄዱ።

በቀጥታ ወደ ክፍሉ ገባች። አሥራ ስምንቱን ሁሉ ልትደፋቸው ወሰነች። ባልዲ አቀረበችና የመጀመሪያውን ቡሽ ነቀለች።

"አትድፊው።"

እናቷ ነበረች። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ገብታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

"እማዬ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳበት ነው።"

"ማንንም አይጎዳም። ምንም የለበትም።"

"እንዴት ምንም የለበትም?"

"የጣሪያ ውሃ ነው።" ፋናዬ ጣቶቿን አንገቷ ላይ ባዶውን በቀረው ጥቁር ክር ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። "አንቺ ያን ቀን ስትጨቃጨቂው ሰማሁ። ይህን ሰው በወሬ የሚመልሰው የለም አልኩ። ቅዳሜ ይሠራል፤ እሑድ ከዘራውን ይዞ ቅዳሴ ሲሄድ ደፋሁትና ከበርሜሉ ቀድቼ ሞላሁበት። የነበረውንም፣ የሚጨምረውንም። ውሃው ካልሠራለት ተስፋ ቆርጦ ሆስፒታል ይሄዳል ብዬ።"

"መለኪያውስ?"

"በቀዳዳ አየሁት። ነከረ፣ ቁጥሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጠጣ። ሲጠጣ ቆሜ አየሁት።" ድምፅዋ ተሰበረ። "መድኃኒቱን ቀማሁት፣ ማህደር። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ማህደር መለኪያውን ከጠረጴዛው አንስታ በከፈተችው ጠርሙስ ውስጥ ነከረችው። 9። ፕላስተሩ ላይ 11 ይላል። የቆርቆሮ ጣሪያ አቧራና የብር ውሃ በዚህች ብዕር ፊት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚለያያቸው።

"እማዬ፣ መድኃኒት አልነበረም። ስሚኝ። ፈትኜዋለሁ እኮ።"

"ፈተናሽ ስህተት ነው አላለሽም?"

"አለኝ፣ ግን..."

"ደግመሽ ፈተንሽው?"

ውጪ አንዲት ሴት አዲስ ገብታ ሙሾ ጀመረች። ፋናዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የማታው ንፍሮ ሲቀርብ ማህደር አየቻት፤ ሰባተኛ ጊዜ።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ 1፣ ጎሚስታው ሙራድ መጣ። እጁ ምንም ቢያሸው የማይለቅ የጎማ ጥቁረት አለበት፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ከኋላው ይደብቀዋል። ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ነበሩ። ከድንኳኑ ጫፍ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

"አላህ ያጽናሽ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለቱ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በኦሮምኛ ነው የሚጠራት።

"አሜን፣ ጋሽ ሙራድ።"

ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለ። "ተናድጃለሁ። ሬሳ ላይ መናደድ ሐራም ነው መሰለኝ፤ ግን ተናድጃለሁ። እግሩ ሲሸት እኮ መጣሁ። መኪናዬ ውጪ ናት፣ ተነስ አልኩት። 'ማክሰኞ ነሐሴ 27 ጠዋት ና፤ ከዚያ በፊት እንዳትመጣ' አለኝ። ቀጠሮ ይሰጠኛል! ለምን ማክሰኞ ስለው 'ሒሳቡ አልሞላም' አለኝ።"

"የምን ሒሳብ?"

"እኔማ የሆስፒታል ወጪ መሰለኛ። አፈርኩ። ጋሼ፣ ብር ከሆነ እኔ አለሁ አይደል እንዴ አልኩት። ሳቀ! እንባው እስኪወጣ ሳቀ። 'ሙራድ፣ እውነትህን ነው፤ ብር የለም። ከተወሰደ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ግን አንተ የምትሞላው አይደለም' አለኝ። ማን ነው የወሰደብህ ስለው 'ለደግ ብሎ ነው የወሰደው፣ ተወው' አለ።" ሙራድ አንገቱን አቀረቀረ። "ዋላሂ፣ አንቺ መሰልሽኝ። ጡረታውን ወሰደችበት አልኩ። ይቅር በይኝ።"

የማህደር እጅ ብርጭቆው ላይ ቀረ።

"'ብር የለም' ነው ያለዎት? እንደዚህ ብሎ?"

"ብር የለም።"

ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

ደብተሩን ከፈተችው። በዚህ ጊዜ የእጅ ጽሕፈቱን ሳይሆን ዓምዶቹን አየች። አራት ናቸው፦ ቀን፣ መለኪያ፣ ጨው፣ የቁስሉ ስፋት። ከሐምሌ 11 እስከ ነሐሴ 3 በጨው ዓምድ ሥር በየቀኑ አንድ ነገር ተጽፏል፦ ደመና አለ። ደመና አለ። ደመና አለ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ፦ ደመና የለም። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል "ሌላ ጠርሙስ ከፈትኩ፤ የለም። ሦስተኛ፤ የለም።" ከዚያ ብዕሩ ጥቂት ያረፈበት የቀለም ነጥብ አለ። ከነጥቡ ቀጥሎ "ፋናዬ።"

ቀጣዩ መስመር፦ "ማህደር እንዳለችው፤ ማነጻጸሪያ። ከብር ጋር 23 ቀን ተለክቷል። ያለ ብር 23 ቀን ይለካ። ለፋናዬ አይነገራትም፤ ካወቀች ትተወዋለች።"

ደመና የለም። ደመና የለም። ቅዳሜዎቹ ላይ "ሠራሁ" ይላል። እሑዶቹ ላይ "ተለውጧል"። እሱ ይሠራል፣ እናቷ ትደፋለች፣ እሱ ይለካል። የመጨረሻው መስመር ነሐሴ 26 ነው፦ "23 ከ23 ጋር እኩል ሆነ። ትኩሳት አለኝ። ነገ ሙራድ ይመጣል።" ከሥሩ "ልዩነት" ብሎ ሁለት ባዶ ቦታ ትቷል። አልሞላቸውም።

ማህደር ደብተሩን በመዳፏ መታችው። አንድ ጊዜ ደግማ መታችው። "ሰው እንዴት!" አለች ለባዶው ክፍል። "ሰው እንዴት በገዛ እግሩ!" አሥራ አምስት ቀን ላይ ቢያቆመው ምን ነበረበት? አሥር ቀን ላይ? ግን ታውቀዋለች። ያልተመጣጠነ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋ ነቃፊ እሷ ትሆን ነበር። ማነጻጸሪያህ የታለ ብላ የጮኸችው እዚሁ ወንበር ላይ ነው።

ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ከመሳቢያው የእንጨት ማስመሪያውንና ብዕሩን አወጣችና እናቷን ጠራቻት።

ፋናዬ ብቻዋን አልመጣችም፤ ወይዘሮ ጥሩሰው ክንዷን ይዘው አብረው ገቡ። ማህደር ሊወጡ ይገባል ብላ አሰበች፤ ቀጥላም ይስሙት አለች። የተጻፈውን ሁሉ ከነሐሴ 4 ጀምራ ሳትዘል አነበበችው። "ፋናዬ" የሚለው ላይ ስትደርስ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"የጣሪያ ውሃ መሆኑን ዐወቀ?"

"በመጀመሪያው ቀን።"

"እያወቀ ነው የጠጣው?"

"እያወቀ።"

ጥሩሰው ሁለቱንም አፈራርቀው አዩ። ከነጠላቸው ሥር ጠርሙሱን አወጡ፤ ግማሽ ሆኗል። "ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የጣሪያ ውሃ ነው?"

"ነው፣ እትዬ።"

"እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የፋናዬን ጣሪያ ነው የጠጣሁት? የኔስ ቤት ሣር ክዳን ነው እንዴ?" ጠርሙሱን ከግራ ሰባተኛው ቦታ ላይ፣ ክቡ ላይ መልሰው አስቀመጡት። "እና ብር የነበረበቱስ? እሱስ ረድቶት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፤ ለቅሶ ቤት አይዋሽም።"

"እሱን ነው አሁን የምሠራው።"

ጮክ ብላ አሰላችው። ከብር ጋር የመጀመሪያው ቀን 31 ሚሊሜትር፣ የመጨረሻው 35። ያለ ብር መጨረሻው 39። ባዶዎቹን ቦታዎች በአባቷ ብዕር ሞላች፦ አራት፣ አራት። አንድ ሰው፣ አንድ እግር፣ ያውም እየባሰ የሄደ ቁስል ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያመጡላት ትመልሰው ነበር። ግን ከዚህ የተሻለ የለካ ማንም የለም፤ እሷም ጭምር።

"እኩል ነው፣ እትዬ። ብሩ ኖረም አልኖረም ቁስሉ በእኩል እየሰፋ ነበር።"

ጥሩሰው ለጥቂት ጊዜ እግራቸውን አዩ። በሩን ከፍተው ወደ ድንኳኑ ተጣሩ። "ሙራድ! መኪናህ ትነሳለች?"

"ጎማዋን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ትነሳለች።"

"ሆስፒታል ውሰደኝ። ዛሬ ነው የምልህ፤ ማክሰኞ አይደለም።"

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው አሸንዳ በርሜሉ ውስጥ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል። ፋናዬ ደብተሩን አልነካችውም።

"ልታጽናኚኝ ነው" አለች።

"እማዬ፣ እኔ ለማጽናናት ቁጥር ቀይሬ ዐውቃለሁ?"

ፋናዬ አሰበችበት። "አታውቂም" አለች። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘረጋች። "አራት የምትይው ምን ያህል ነው? አሳዪኝ።"

ማህደር ማስመሪያውን ሰጠቻት። ፋናዬ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከሠላሳ አንዱ መስመር ተነስታ ትንንሾቹን መስመሮች አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች። ጥፍሯ ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ።

"ይህ ከብሩ ጋር ነው?"

"አዎ።"

ጥፍሯን ከቆመበት ሳታነሳ ቆየች። ከዚያ ከዚያው መስመር ተነስታ፣ ካለፈው ይበልጥ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እንደገና ቆጠረች።

አራት።